የውኃ ጠባይና ዑደቱ፤ የምንጮቻችንም ጥበቃ

ውኃ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ እንደ ሆነ፣ ጠባዩም ርጡብና ቈሪር ማለት እርጥብና ቀዝቃዛ እንደ ሆነ የሥነ ፍጥረትን ትርጓሜ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። መምህራን ውኃና እሳት በጠባይ ተቃራኒዎች ሲሆኑ በአንድ ዓለም፣ ይልቁንም በአንድ የሰው ሥጋ ውስጥ ተስማምተው መኖራቸውን እያነሡ የፈጣሪን ጥበብ ያስተምሩበታል። ካህኑ ሕፃኑን የሚያጠምቀው በውኃ ነው፤ ዲያቆኑ ማልዶ ለቤተልሔም የሚቀዳው ውኃ ነው፤ ድውዩ ፈውስ ሽቶ የሚጠመቀው በውኃ ነው፤ ገበሬውም እርሻውን አለስልሶ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጠው ስለ ውኃ ነው። እንዲህ ሁልጊዜ በእጃችን ያለ ነገር ስለ ሆነ ግን ጠባዩን ለመመርመር የምንነሣው ጥቂቶች ነን።

በዚህ ትምህርት ሦስት ነገር እንመለከታለን። አንደኛ፣ ውኃ ከሌሎች ፍጥረታት የሚለይበትን ጠባይ፤ ሁለተኛ፣ ከባሕር ወደ ሰማይ፣ ከሰማይ ወደ ምድር፣ ከምድርም ወደ ባሕር የሚመላለስበትን ዑደት፤ ሦስተኛ፣ በዚህ ዑደት መካከል ለእኛ፣ በተለይም ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የተሰጠውን ድርሻ። ከሦስቱ ዋናው ሦስተኛው ነው። ሁለቱን ማስቀደማችን ምክንያቱ ያልታወቀ ምክር ስለማይጸና ነው። የአውሮፓን ሊቃውንት በምንጠቅስበት ቦታ ዓመቱ እንደ እነርሱ አቈጣጠር ሲሆን፣ የአገራችንን ነገር በምናነሣበት ጊዜ ግን በዓመተ ምሕረት ነው።

ውኃ ከምን ተቀነባበረ

እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ በአውሮፓ የነበሩ ሊቃውንትም ውኃን የማይከፈል ነጠላ ነገር አድርገው ይቈጥሩት ነበር። በ1780ዎቹ ዓመታት ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለ እንግሊዛዊ ሁለት ዓይነት አየር ቀላቅሎ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲያቃጥል፣ ከቃጠሎው በኋላ በዕቃው ግድግዳ ላይ እንደ ጠል ሆኖ የተገኘው ንጹሕ ውኃ መሆኑን አረጋገጠ። አንቷን ላቯዚዬ የተባለው ፈረንሳዊም በ1783 ውኃ ነጠላ ሳይሆን ቅንብር መሆኑን አስታወቀ። ከሁለቱ አየሮች አንዱ ውኃን የሚወልድ ለማለት ሃይድሮጅን ተባለ፤ ሁለተኛው እስትንፋሳችን የቆመበት ኦክሲጅን ነው። አንዲቱ የውኃ ቅንጣት ከሁለት እጅ ሃይድሮጅንና ከአንድ እጅ ኦክሲጅን የተገጣጠመች ናት።

ይህን የሰማ ሰው የአባቶች ትምህርት ተሻረ ብሎ ሊደነግጥ አይገባውም። አባቶች ባሕርይ ብለው የተናገሩት በዓይን የሚታየውን፣ በእጅ የሚዳሰሰውን የፍጥረት ጠባይ፣ ይኸውም ሙቀትና ቅዝቃዜን፣ ርጥበትና ድርቀትን ለይተው ነው። የዛሬ ሊቃውንት የሚመረምሩት ደግሞ የረቂቁን አካል ቅንብር ነው። ጥያቄው ሁለት ስለ ሆነ መልሱም ሁለት ሆነ። እንጀራን ምግብ ነው የሚልና ከጤፍና ከውኃ የተጋገረ ነው የሚል ሁለት ሰዎች አይጣሉም።

የውኃን ቅንጣት የሚለያት ዋና ነገር ግን እርስ በርስ መያያዟ ነው። በኦክሲጅኑ ወገንና በሃይድሮጅኑ ወገን ያለው የኤሌክትሪክ ጠባይ የተለያየ ስለ ሆነ፣ የአንዲቱ ቅንጣት አንድ ወገን የሌላይቱን ተቃራኒ ወገን ይስባል። በማኅሌት የቆሙ መዘምራን እጅ ለእጅ ቢያያዙ አንዱን ብቻ ከመካከል ነጥሎ ለማውጣት እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ ከውኃም አንዲቱን ቅንጣት ለይቶ ለማውጣት ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ከዚህ ቀጥሎ የምንዘረዝረው ጠባይ ሁሉ የዚህ መያያዝ ፍሬ ነው።

የውኃ ልዩ ልዩ ጠባይ

የመጀመሪያው ጠባይ ሙቀትን መሸከሙ ነው። አንድ ኪሎ ውኃን ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ 100 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ያስፈልጋል። ያንኑ የፈላ ውኃ ጨርሶ ተን ለማድረግ ግን ሌላ 540 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨመርበታል። አንድ ኪሎ ብረት በዚሁ መጠን ለማሞቅ የሚበቃው ሙቀት ለውኃ ከሚያስፈልገው ከዘጠኝ እጅ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ውኃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም፤ ባሕርና ሐይቅ የቀኑን ሐሩር ተቀብለው ለሌሊቱ ያቈዩታል። እናቶች በሸክላ እንስራ ያኖሩት ውኃ በቀትር ቀዝቅዞ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሸክላው ቀዳዳ ሰርጎ ወደ ውጭ የወጣው ጥቂት ውኃ ተን ሆኖ ሲሄድ ሙቀቱን ከቀረው ውኃ ላይ ይዞ ይሄዳል። ይህን ነገር ልብ እንበል፤ ተን ሆኖ የሚወጣ ውኃ ሁሉ የፀሐይን ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል።

ከዚሁ ጋራ የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ወደ ደጋ በወጣን መጠን በላያችን ያለው የአየር ክብደት ስለሚቀንስ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በደጋ አገር ባቄላና ሽንብራ በማሰሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲንተከተክ ቈይቶ የሚበስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጠባይ ሲረጋ መቅለሉ ነው። አብዛኛው ፍጥረት ሲበርድ ይጠብቃል፣ ሲጠብቅም ይከብዳል። ውኃም እስከ 4 ዲግሪ ድረስ ሕጉን ተከትሎ ይከብዳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ተመልሶ መቅለል ይጀምራል። በረዶ ሲሆንም መጠኑ ከ100 እጅ 9 እጅ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ በረዶ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ይህ ጠባይ ባይኖር ኖሮ ክረምታቸው በረዶ በሆነባቸው አገሮች ሐይቁ ከታች ወደ ላይ እየረጋ ይሄድና ዓሣውና በውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ በጠፋ ነበር። አሁን ግን በረዶው ከላይ እንደ ክዳን ሆኖ ከታች ያለውን ሕይወት ይጠብቃል።

ሦስተኛው ጠባይ ሌላውን ማሟሟቱና መሸከሙ ነው። ጨውና ስኳር በውኃ ውስጥ እንዲጠፉ ሁሉ፣ ውኃ በድንጋይና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ማዕድናቱን ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ይወስዳል። ባሕር ጨዋማ የሆነው ወንዞች ከየብስ ያመጡት ማዕድን ለብዙ ዘመናት ስለ ተከማቸበት ነው። ውኃው ተን ሆኖ ሲወጣ ጨው አብሮ አይወጣም። ይህን ለማየት ወደ ዳናክል ረባዳ መሄድ ይበቃል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ ምድር የቀይ ባሕር ክንድ ገብቶበት የነበረው ውኃ በፀሐይ ተንኖ ሲያልቅ ወፍራም የጨው ንጣፍ ትቶ ሄዷል። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የተቈረጠው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ከመራራው ባሕር የወጣው ውኃ በዝናም መልክ ሲወርድ ጣፋጭ ሆኖ የሚወርደው፣ ተን በሚሆንበት ጊዜ ጨውን ከኋላው ስለሚተው ነው።

አራተኛው ጠባይ በቀጭን መንገድ ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ቁም ጸሐፊ ብርዑን በቀለም ሲነክር ቀለሙ በብርዑ ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብራናውንም ሲነካ ይወርዳል። የመብራት ክርም ዘይቱን የሚስበው በዚሁ መንገድ ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ውኃ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት የሚሳበው፣ ከሥር ተነሥቶም እስከ ዝግባው ጫፍ የሚደርሰው ቅንጣቶቹ ስለሚያያዙ ነው። ቅጠሉ ውኃውን ተን አድርጎ ወደ አየር በለቀቀ ጊዜ፣ የተያያዘው የውኃ ሰንሰለት ከሥሩ ይጐተታል።

የውኃ ዑደት

ዑደት የሚለው ቃል ለካህናት እንግዳ አይደለም። በንግሥ ዕለት ታቦቱ ከመንበሩ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞሮ ወደ መንበሩ ሲመለስ ዑደት ይባላል። ውኃም እንዲሁ ከማደሪያው ወጥቶ ዞሮ የሚመለስ ነው።

የዚህን ነገር ምስጢር ለማወቅ ሰዎች ብዙ ደክመዋል። ወንዞች ሳያቋርጡ ወደ ባሕር ሲገቡ ባሕር ከልኩ ለምን አያልፍም የሚለው ጥያቄ የጥንት ነው፤ መጽሐፈ መክብብን ያነበበ ይህን ያውቃል። የምንጭን ነገር ሲያስረዱ ብዙዎች የባሕር ውኃ በምድር ውስጥ ባለ ስውር ቧንቧ ተስቦ፣ ጨዉም ተጣርቶ በተራራ ላይ ይፈልቃል ይሉ ነበር። የዝናም ውኃ ወንዝን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ሊመግብ አይችልም ብለው ያስቡ ነበርና።

ይህን አሳብ በልኬት የፈተነው ፒየር ፔሮ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በ1674 ባሳተመው መጽሐፍ በሴን ወንዝ መነሻ ላይ በዓመት የሚዘንበውን ዝናምና ወንዙ የሚያወርደውን ውኃ አነጻጽሮ፣ ዝናሙ ከወንዙ ውኃ ስድስት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ከሚዘንበው ስድስተኛው እጅ ብቻ ወንዙን ዓመቱን ሙሉ ሊያፈስሰው ይበቃል ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በ1687 ኤድመንድ ሃሌ የተባለው እንግሊዛዊ የጨው ውኃ በዕቃ አድርጎ በማሞቅ ምን ያህሉ ተን እንደሚሆን መዘነ፤ ከዚህም ተነሥቶ ከሜዲትራንያን ባሕር በየቀኑ የሚወጣው ተን ወንዞች ከሚያስገቡበት ውኃ የሚበልጥ መሆኑን አሰላ። በእነዚህ ሁለት ልኬቶች የዑደቱ ሁለት ወገን ታወቀ፤ ባሕር በተን ይሰጣል፣ በወንዝም ይቀበላል።

ዛሬ ሊቃውንት እንደሚነግሩን በምድር ላይ ካለው ውኃ ከ100 እጅ 97ቱ የባሕር ውኃ ነው። ከቀረው ጣፋጭ ውኃ ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው በምድር ዋልታዎችና በተራሮች ራስ ላይ በረዶ ሆኖ ረግቷል፤ ሌላው በአብዛኛው በምድር ሆድ ውስጥ ነው። የዓለም ውኃ ሁሉ 100 ሊትር ቢሆን ኖሮ፣ በጣፋጭ ሐይቆችና በወንዞች ሁሉ የሚገኘው ከሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም ነበር። ዓባይም፣ አዋሽም፣ ጣናም፣ የሌሎች አሕዛብ ታላላቅ ወንዞችም በዚያች ማንኪያ ውስጥ ናቸው።

ይህች ጥቂት ውኃ የምትበቃን ሳታቋርጥ ስለምትታደስ ነው። ፀሐይ የባሕሩን ፊት ስታሞቀው ውኃው ተን ሆኖ ይነሣል። ወደ አየር ከሚወጣው ተን ከ100 እጅ 86ቱ ያህል ከባሕር ነው። ተኑ በአየር ውስጥ የሚቈየው በአማካይ ከ9 እስከ 10 ቀን ነው። አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ ይበርዳል፣ ሲበርድም ተኑን ሁሉ መያዝ ይሳነዋል፤ ተኑ በጥቃቅን ትቢያ ላይ ተሰብስቦ ደመና ይሆናል፣ ደመናውም ዝናም ሆኖ ይወርዳል። በየብስ ላይ ከሚዘንበው ከ100 እጅ 60 ያህሉ ከአፈርና ከቅጠል ተመልሶ ተን ይሆናል፤ የቀረው በወንዝና በከርሰ ምድር ወደ ባሕር ይመለሳል። ነፋስ በዓመት ከባሕር ወደ የብስ የሚያሻግረው ተንና ወንዞች ወደ ባሕር የሚመልሱት ውኃ እኩል ይሆናል። የባሕር ጥንታዊ ጥያቄ መልሱን ያገኘው በዚህ ሚዛን ነው።

እንግዲህ በዚህ ዓመት በጣራችን ላይ የወረደው ዝናም አዲስ የተፈጠረ ውኃ አይደለም። ያው ቀድሞ የነበረው ውኃ ነው፤ ስንት ጊዜ ዞሮ እንደ መጣ የሚያውቅ ግን የለም።

ዑደቱ በአገራችን

በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። ሊቃውንት ይህን ዘመን በንዑሳን ክፍሎች ሲከፍሉት መጀመሪያ ዘርንና ደመናን፣ ዝናምንም ያነሣሉ፤ ቀጥለው መብረቅንና ነጐድጓድን፣ ባሕርንና አፍላግን፣ ጠልንም ያነሣሉ። ይህን ቅደም ተከተል ልብ ብሎ ለተመለከተው የውኃውን መንገድ ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ደመናው ይቀድማል፣ ዝናሙ ይከተላል፣ አፍላጉ ይሞላል።

በዚያ ወራት ወደ ደጋችን የሚመጣው ርጥበት ከሩቅ የመጣ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ የኮንጎን ሰፊ ደን አቋርጦ የሚመጣ አለ፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ አለ፤ ከሜዲትራንያንና ከቀይ ባሕር ወገን የሚመጣም አለ። ነፋሱ የኢትዮጵያን ተራራ ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣም ይበርዳል፣ ውኃውንም ያወርዳል። ስለዚህ የጐጃምና የጐንደር፣ የኢሉባቦርም ደጋ በዝናም ሲረሰርስ ከተራራው በስተ ምሥራቅ ያለው ቈላ ይጠማል።

በሰከላ ከግሽ ዓባይ ምንጭ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ይዞ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ የተቀመጠ ሐይቅ ነው፤ ዓባይም ከዚያ ወጥቶ ወደ ቈላ ይወርዳል። በናይል ከሚፈስሰው ውኃ ከ100 እጅ 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣ ነው። ይህን ሁሉ ውኃ ከባሕር ወደ ተራራችን ያወጣችው ፀሐይ ናት። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ለመያዝ የተሠራ ነው፤ ከውኃው መውደቅ የሚገኘውም ኤሌክትሪክ ቀድሞ ፀሐይ ውኃውን ወደ ላይ ስታነሣ ያስቀመጠችበት ኃይል ነው።

በዑደቱ መካከል ያለው የሰው ድርሻ

ከዑደቱ ክፍሎች ውስጥ ብዙዎቹ ከሰው እጅ በላይ ናቸው። ፀሐይን የሚያዝዝ የለም፤ ነፋስንም ከአትላንቲክ የሚጠራ የለም። አንድ ክፍል ግን በእጃችን ነው፤ ይኸውም ዝናሙ ምድርን ከነካበት ሰዓት አንሥቶ ምንጭ እስኪሆን ድረስ ያለው መንገድ ነው።

በደን ላይ የወረደ ዝናም በመጀመሪያ ቅጠሉን ይመታል። ኃይሉ ተሰብሮ ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ በመሬት ላይ የተነጠፈው የረገፈ ቅጠል እንደ ስፖንጅ ይቀበለዋል፤ ሥሮችና ትሎች ባበጁት ቀዳዳም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ በድንጋይ ንጣፍ መካከል ቀስ እያለ ይጓዛል፤ ክረምት ካለፈ ከወራት በኋላም በበጋ ከተራራው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በራቁት ምድር ላይ የወረደ ዝናም ግን አፈሩን እየደበደበ ይፈታዋል፤ የላላው ደቃቅ አፈር ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ውኃውም መግቢያ አጥቶ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፣ ለሙንም አፈር ይዞ ይሄዳል። በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ የምንጭ መድረቅ የሚፈራረቁበት አገር የዝናሙ መጠን ሳይጐድል ውኃ ያጣ አገር ነው። የታጠበውም አፈር ወርዶ ሐይቁንና ግድቡን ይሞላል።

መጠኑን በቍጥር እንመልከተው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስፋቱ አንድ ሄክታር በሆነ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ላይ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 10 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል፤ ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 500,000 ጀሪካን ነው። ይህ ሁሉ ስጦታ በየዓመቱ በደጃችን ይወርዳል። ሰርጎ ይቅር ወይስ ጠርጎን ይሂድ የሚለውን የሚወስነው የምድሩ አያያዝ ነው።

ምሳሌ የሚሆኑን ሁለት ቦታዎች አሉ። በሐረር አቅራቢያ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ውኃው ለከተማና ለመስኖ ሲቀዳ፣ ከተራቈተው ኮረብታም አፈር ሲገባበት ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት በነበረ ስፍራ ከብት ተሰማራበት። ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ገና ውኃ መያዙ ደግሞ ዑደቱ ጨርሶ እንዳልተወን ያሳያል። ሁለተኛው ምሳሌ በትግራይ በውቅሮ አቅራቢያ፣ ከአለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ነው። ሕዝቡ በድርቅ ተቸግሮ አገሩን ለቅቆ እስከ መሄድ አስቦ ሳለ ተራራውን ከከብት ከለከለ፣ እርከን ሠራ፣ የጎርፉን መሄጃ ገደበ፣ ውኃው የሚሰርግበትን ጉድጓድ ቈፈረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ቀረበ፤ ገበሬዎች በእጅ ከቈፈሩት ጉድጓድ እየቀዱ አትክልት ተከሉ። መንደሩ ስለዚህ ሥራው በ2004 ዓ.ም. ኢኳተር የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብሏል። ዝናሙ ያው ነበር፤ የተለወጠው የሰዎቹ ሥራ ነው።

ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ አደራ

በሰሜኑ ደጋ በአውሮፕላን የሄደ ሰው የሚያየው አንድ ነገር አለ። ታርሶ በቀላው ምድር መካከል እዚህም እዚያም አረንጓዴ ክብ ይታያል፤ በየክቡ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አለ። በብዙ አውራጃ ከጥንቱ ደን የተረፈው ይህ ብቻ ነው። ዝግባው፣ ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ዋንዛው ዘሩ የተጠበቀው በመንግሥት ሕግ ሳይሆን በአባቶች ግዝትና በምእመናን ፍርሃተ እግዚአብሔር ነው። አባቶቻችን ስለ ከርሰ ምድር ውኃ የጻፉት መጽሐፍ የለም፤ ነገር ግን ደኑን ጠብቀው ምንጩን ጠብቀዋል።

ይህ አደራ በእኛ ዘመን አደጋ ላይ መሆኑን ሳንሸፋፍን እንናገር። በአንዳንድ ደብር አሮጌው ዛፍ ለአዲስ ሕንፃ ቦታ ይቈረጣል። በአንዳንዱ ዐጸዱ በሲሚንቶ መቃብር ይሞላና ውኃ የሚሰርግበት ጋት መሬት አይተርፍም። በሌላውም ወይራው ተነቅሎ በስፍራው ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ ቶሎ ያድጋልና፣ ተሽጦም ለቤተ ክርስቲያን ገቢ ይሆናልና። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ የማገዶን ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው፤ ጥቅሙን አንክድም። ይሁን እንጂ ውኃን አብዝቶ የሚጠጣ፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንዳይበቅል የሚያደርግ ስለ ሆነ በምንጭ ራስ ላይ ሊተከል አይገባውም። የአንድ ዘመን ገቢ ለማግኘት የዘለዓለምን ጠበል ማድረቅ አትራፊ ንግድ አይደለም።

ነገሩን ይልቁን የሚያስቸኵለው የዓለም ሙቀት እየጨመረ መሄዱ ነው። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቍጥር ከ100 እጅ 7 እጅ ያህል ተጨማሪ ተን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ዝናሙ በወረደ ጊዜ በአንድ ጊዜ በርትቶ ይወርዳል፤ አፈሩንም በአንድ ሌሊት ሊያጥበው ይችላል። ደን ያለው ምድር ይህን ይችለዋል፤ ራቁቱን ያለ ግን አይችለውም።

ስለ ጠበል ንጽሕና

ውኃ ሌላውን የመሸከም ጠባይ እንዳለው ቀደም ብለን ተናግረናል። መድኃኒት የሆነውን ማዕድን እንደሚሸከም ሁሉ በዓይን የማይታየውን የበሽታ ተሕዋስም ይሸከማል። በ1854 በለንደን ከተማ ኮሌራ ሰዎችን ሲፈጅ፣ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሞቱትን ቤት ለቤት ተከታትሎ አብዛኞቹ ከአንድ የውኃ ቧንቧ የጠጡ መሆናቸውን ገለጠ፤ የቧንቧውም እጀታ እንዲነቀል ተደረገ።

ብዙ ምእመናን ተሰብስበው በሚሰነብቱበት ጠበል ስፍራ ይህ ነገር እጅግ ሊታሰብበት ይገባል። መጸዳጃ ከምንጩ በላይ ከተሠራ፣ ውኃ በሰረገበት ሁሉ እድፉም ተከትሎ ይሰርጋል። ለምንጭ ዙሪያ አጥር ማበጀት፣ መጸዳጃን ከምንጩ በታችና በሩቅ መሥራት፣ የሚጠጣውን ከሚጠመቁበት ለይቶ መቅዳት፣ መቅጃውን ንጹሕ ማድረግ የእምነት ጉድለት አይደለም። ንዋየ ቅድሳትን በንጽሕና የሚይዝ ካህን ለጠበሉም እንዲሁ ቢያደርግ የተገባ ነው።

በየደብሩ ሊደረግ የሚገባው

እንግዲህ ትምህርቱ በወረቀት ላይ እንዳይቀር በየአጥቢያው ሊፈጸም የሚቻለውን በአጭሩ እናመለክታለን።

አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደን ከከብት የሚከለክል የድንጋይ ካብ ይሠራ። ቡቃያው ከተበላ አሮጌው ዛፍ ወራሽ አይኖረውም።

ሁለተኛ፣ በዘመነ ክረምት መግቢያ ሰበካው ተሰብስቦ የአገር ዛፍ ይትከል፤ ከምንጭ ራስ ላይ ያለው ባሕር ዛፍም ተነሥቶ ቀስ በቀስ በአገር ዛፍ ይተካ። ባሕር ዛፍ ለገቢ የሚያስፈልግ ከሆነ ከምንጭ በራቀ ቦታ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን የቆርቆሮ ጣራ የሚያወርደው ውኃ ይጠራቀም። 300 ካሬ ሜትር የሆነ ጣራ 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር በዓመት እስከ 300,000 ሊትር ያወርዳል። ግማሹ እንኳ በገንዳ ቢያዝ ችግኙን በበጋ ያጠጣል፤ በዕለተ በዓልም ለእጅ መታጠቢያ ይበቃል።

አራተኛ፣ ከዐጸዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ያሉ ገበሬዎች እርከን እንዲሠሩ ካህናት ይምከሩ፤ ቄሰ ገበዙም ቀድሞ ድንጋይ ያንሣ። በቃል ብቻ የተሰበከ ነገር ሰሚው ጥቂት ነው።

አምስተኛ፣ የአብነት መምህራን ለደቀ መዛሙርት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ተማሪውን ወደ ምንጩ ወስደው ውኃው ከየት እንደሚመጣ ያሳዩት። ነገ ደብር የሚያስተዳድረው እርሱ ነውና።

የተወደዳችሁ አባቶች ካህናትና ምእመናን፤ ታቦቱ ለዑደት በወጣ ጊዜ በመንገዱ ላይ እንቅፋት የሚያኖር የለም። ሕዝቡ መንገዱን ይጠርጋል፣ ቄጠማ ይጐዘጕዛል፣ ምንጣፍ ያነጥፋል። ከባሕር ተነሥቶ፣ ጨዉን ትቶ፣ በነፋስ ተጭኖ፣ በተራራችን ላይ የሚወርደው ውኃም ለዑደት የወጣ የፈጣሪ ስጦታ ነው። ጉዝጓዙ የረገፈው ቅጠል ነው፤ በሩም ያልተደፈነው አፈር ነው። ይህን መንገድ ብንጠብቅለት በበጋ ምንጭ ሆኖ ይጠብቀናል፤ ልጆቻችንም አባቶቻችን ከተጠመቁበት ጠበል ይጠመቃሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።